አስርን በልጄ እጅ ላስጨበጠች አስጠኚ

ትናንት ማታ ልጄ የቤት ሥራውን እየሠራ «አንዱን አስር ልፍታው» ሲል ሰማሁት። ለእኔ አልነበረም፣ ከራሱ ጋር ነበር የሚያወራው። ያኔ ነው ይህቺን ሴት በአደባባይ ሳላመሰግናት ማደር እንደሌለብኝ የወሰንኩት። ሂሳብ የምታስጠናው መምህርት ናት። ስሟን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ አላወጣም። እሱ «ቲቸር» ነው የሚላት፣ እኔም እንደሱ ልበላት።

ምን ላይ እንደነበርን ልንገራችሁ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። እስከ መቶ አንድም ሳይስት ይቆጥራል። ስለዚህ ቁጥር ያውቃል ብዬ ተኝቼ ነበር። ግን «መቶ አምስት ብለህ ጻፍ» ሲባል 1005 ብሎ ይጽፋል። 52 ሲቀነስ 27 ስትሉት 35 ይላችኋል። ከሁለት ላይ ሰባት እምቢ ሲለው፣ ገልብጦ ከሰባት ላይ ሁለት ይቀንሳል። እኔ ደግሞ የማውቀው እኔ የተማርኩትን ነው፦ «ከጎረቤት አንድ ተበደር»። ስንቴ እንዳልኩት አልቆጠርኩትም። ጮኼበትም አውቃለሁ፣ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። መበደሩን ይበደራል፤ ከማን ምን እንደተበደረ ግን አያውቅም።

ቲቸር የመጀመሪያ ቀን ደብተር አላስከፈተችውም። አንድ እፍኝ ስንጥር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና «አስራ ስድስት ቁጠርልኝ» አለችው። ቆጠረ። ወረቀት ላይ 16 ጻፈች። 6ን በጣቷ ነክታ «ይህቺን በስንጥር አሳየኝ» አለችው። ስድስት ስንጥር ለየ። ቀጥላ 1ን ነካች። አንድ ስንጥር አነሳ። ዘጠኝ ስንጥር መሀል ላይ ተርፎ ቀረ። «እነዚህስ የማን ናቸው?» አለችው። ዝም አለ። እኔም አጠገቡ ዝም አልኩ። ለካ ችግሩ መቀነስ አልነበረም። 16 ውስጥ ያለችው 1 አስር መሆኗን ልጄ ጨርሶ አላየም ነበር።

አላረመችውም። የላስቲክ ክምር አቀረበችለትና «አስር ሲሞላ እሰር» አለችው። በቃ፣ ይህችው ናት ትምህርቷ። ልጄ እንደ ዘፈን ያዛት፤ «አስር ሲሞላ እሰር» እያለ ያገኘውን ሁሉ ያስር ጀመር። እርሳሱን፣ የጥጥ እንጨቱን፣ የመጫወቻ ካርዱን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ብዙም አልወጡም። እውነቱን ለመናገር ጨንቆኝ ነበር። ለአስር ተብሎ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ዘንግ ለምን አንገዛም ብዬ ጠየቅኳት። «ይደርሳል» አለችኝ። «ተሠርቶ የመጣ አስር ለልጅ አንድ ዘንግ ነው። ራሱ ቆጥሮ ያሰረውን ግን ውስጡ አስር እንዳለ ያውቀዋል።»

ከዚያ 52 ሲቀነስ 27 መጣ። ወረቀት ለሁለት ከፍላ በግራ «አስር ቤት»፣ በቀኝ «አንድ ቤት» ብላ ጻፈች። ልጄ አምስት እስር በግራ፣ ሁለት ስንጥር በቀኝ ደረደረ። «27 ውሰድ።» ሁለት እስር ወሰደ። ሰባት ስንጥር ሊያነሳ ሲል ሁለት ብቻ ነው ያለው። «አልበቃም» አለ። አየኋት፣ እሷም ዝም። አፌን ልከፍት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ልጄ ወረቀቱን ትንሽ ሲያይ ቆይቶ አንዱን እስር አነሳና «ልፍታው?» አላት። ላስቲኩን አወለቀ፣ ስንጥሮቹ አንድ ቤት ውስጥ ተበተኑ። አስራ ሁለት ሆኑ። ሰባት አነሳ፣ አምስት ቀረ። ሁለት እስርና አምስት ስንጥር፣ 25።

«መበደር» የሚለው ቃል አልተነሳም። ደግሞስ ምን ተበደረ? የራሱን ነው የፈታው። በነጋታው እንደገና ደርድሮ፣ አንዱን እስር ፈትቶ፣ ሳይቀንስ ሙሉውን እንዲቆጥር አደረገችው። አሁንም 52 መሆኑን ሲያይ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም።

የ1005ን ነገር የጨረሰችው በካርድ ነው። 100 የተጻፈበት ረጅም ካርድ፣ 5 የተጻፈበት አጭር ካርድ። አጭሩን በረጅሙ የመጨረሻ ዜሮ ላይ ስታስቀምጡት 105 ይነበባል። ስታነሱት 100 ከስር አለ፣ የትም አልሄደም። ልጄ ደጋግሞ ያነሳል፣ ይመልሳል። መሀል ላይ ያለችውን ዜሮ ሲጠይቃት «አስር ቤት ውስጥ ማንም የለም፣ እሷ ቤቱን ትጠብቃለች» አለችው። ለእኔ ደግሞ የግዕዙን ቁጥር አሳየችኝ። መቶ አምስት በግዕዝ ፻፭ ነው። መቶ፣ ከዚያ አምስት፣ ልክ እንደምንናገረው። ዜሮ የለውም። ልጄም የሰማውን በተራ ነበር የጻፈው። ያን ቀን የጮህኩበት ሁሉ ትዝ አለኝ።

የፕላስቲኮቹ ብሎኮችም ጊዜያቸው ደረሰ፦ የአንድ ኩብ፣ የአስር ዘንግ፣ የመቶ ጠፍጣፋ፣ የሺህ ትልቅ ኩብ። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪም ይህንኑ በወርቃማ ዶቃዎች ታስተምር እንደነበር የነገረችኝ እሷ ናት። አስር ጠፍጣፋ ደራርቦ ከሺው ኩብ ጎን አቁሞ ቁመታቸውን ሲያስተያይ ሺህ ምን ያህል እንደሆነ ገባው።

በጣም የወደድኩላት ግን ዕቃውን መልሳ መውሰዷ ነው። ቀስ በቀስ በስንጥሩ ፈንታ መሳል ጀመረ፤ ለአስር ሰረዝ፣ ለአንድ ነጥብ። ከዚያ ቁጥር ብቻ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጄሮም ብሩነር ስለ መማር ሲጽፍ ያስቀመጠው መንገድ ነው አለችኝ፦ ከእጅ ወደ ስዕል፣ ከስዕል ወደ ምልክት። ሲምታታበት ወደ ስንጥሩ እንዲመለስ ትፈቅድለታለች። እንደ ውርደት አታይበትም።

ቲቸር፣ እጅሽ ይባረክ። ትዕግሥትሽን ልጄም እኔም ተምረንበታል።

ልጃችሁ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ከሆነና ቁጥር እየቆጠረ ግን እየጠፋበት ከሆነ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አስጠኑባት። ለሳምንት ፈተና የምታደርስ ሰው ለምትፈልጉ ግን አትሆንም፣ ራሷም ትነግራችኋለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወላጅ አብሮ እንዲቀመጥ ትጠይቃለች፤ እምቢ እንዳትሉ። አሁን ለሁለት ልጅ ቦታ አላት። ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጃችሁ የተሳሳተባቸውን ወረቀቶች አትጣሉ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነሱን ነው።