በሙቅ ውሃ የሚቦካ ፕላስቲክ ለሞተር ዕቃ፦ ስድስት ወር ሞክሬው ያየሁት

የኔ ቦክሰር ሞተር መስከረም ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ወደ ሳቢያን ስሄድ አሸዋ ላይ ሸርተት ብላ በቀኝ ጎኗ ተኛች። እኔ ተመስገን ጉልበቴ ትንሽ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ፣ ኢንጂኑ ደህና፣ መሪው ደህና፣ ታንከሩ እንኳን አልተጨረመተም፣ ግን የፊት ፍሬቻዋ አንገቱ ተቆርጦ በሽቦው ተንጠለጠለ፣ የጎን ሽፋኗን ከውስጥ ከሚይዙት ጥፍሮች ደሞ ሁለቱ ከስራቸው ተነቀሉ።

አሁን ሂዱና ለዚህ ሽፋን ጥፍሩን ብቻ ሽጡልኝ በሉ እስቲ፣ ማንም የለውም። ሙሉውን ግዛ ነው የሚባለው፣ እሱም ቢገኝ ቀለሙ አይገጥምም፣ ቀለሙ ቢገጥም ቀዳዳው አይገጥምም። ሱፐር ግሉን በሲጋራ አመድ ሞከርኩ፣ ሳምንት አልቆየም፣ የኮብልስቶኑ ንዝረት አራገፈው። ከዛ እንደማንኛውም ሰው በከመነዳሪ ቁራጭ አስሬ ሶስት ወር ነዳሁ። እውነት ለመናገር ያቺን ጥቁር ላስቲክ ባየኋት ቁጥር ቅር ይለኝ ነበር፣ ሞተሬ እንጀራዬ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ዕቃ አደርስባታለሁ፣ ተጎሳቁላ ማየት አልወድም።

የአጎቴ ልጅ ለንደን ሆስፒታል ነው የምትሰራው፣ ጣትና አንጓ የተጎዳባቸውን ሰዎች ታክማለች። በቴሌግራም ፎቶውን ልኬላት ስታየው "ይሄን እኮ እኛ ለሰው እጅ መደገፊያ በምንሰራበት ዓይነት ነገር ራስህ ልትሰራው ትችላለህ፣ ሙቅ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው" አለችኝና ለገና ስትመጣ 500 ግራም ከረጢት ይዛልኝ መጣች።

ነገሩ ፖሊካፕሮላክቶን ይባላል። እንግሊዝ አገር ፖሊሞርፍ፣ አሜሪካ ኢንስታሞርፍ፣ አውስትራሊያ ፕላስቲሜክ እያሉ ይሸጡታል፣ ስሙ ይለያይ እንጂ ዋናው ነገር አንድ ነው፣ ስለዚ የምጽፈው ስለ አንድ ኩባንያ ሳይሆን ስለ ፕላስቲኩ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፣ በፈረንጆቹ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ዋናው ቁምነገር የሚለሰልሰው 60 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ነው። ይቺን 60 ያዙልኝ፣ የዚህ ፕላስቲክ ጥሩውም መጥፎውም ከሷ ነው የሚመጣው። ሽፋኑ የተሰራበትን ፕላስቲክ አቅልጦ ቅርጽ ለማስያዝ የፋብሪካ ማሽን ያስፈልጋል፣ ይሄ ግን የሻይ ውሃ ይበቃዋል፣ ድሬ ላይ ደሞ ከፍታችን 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እሱም እንኳን ከበቂ በላይ ነው፣ እኔ ፈልቶ ትንሽ በረድ ሲል ነው የምጠቀመው። በጣም ከጋለ ከመጠን በላይ ይጣበቃል፣ ከእጅ አልላቀቅ ይላል።

ፍሬዎቹ ነጭ ናቸው፣ መጠናቸው ማሽላ ይመስላል። ብረት ድስት ውስጥ ነው የሚደረጉት (ፕላስቲክ ሳህን እንዳትጠቀሙ፣ ይጣበቅበታል)። ሁለት ደቂቃ አካባቢ ቆይታችሁ ስታዩ ነጩ ከዳር ጀምሮ እየጠራ እየጠራ ይሄድና ልክ እንደ መስታወት ይሆናል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ከቀረ ቆዩት፣ ያልቀለጠው ፍሬ በኋላ ስንጥቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። በማንኪያ ታወጡትና ውስጡ የታቆረውን ውሃ መጀመሪያ ትጨምቃላችሁ፣ እሷ ውሃ ናት እጅ የምታቃጥለው፣ ህጻን ልጅ አጠገባችሁ ካለ በጣም ተጠንቀቁ። ከዛ እንደ ሊጥ ማሸት ነው። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ነጭ ይሆናል፣ ነጭ ሆነ ማለት ደረቀ ማለት ነው፣ ግን ወፍራም ከሆነ ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ገና ለስላሳ ስለሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስር ደቂቃ ተዉት፣ አትቸኩሉ።

የመጀመሪያ ስራዬ የሽፋኑ ጥፍር ነበር። የተማርኩት ትልቁ ነገርም እዚህ ጋ ነው፣ ይሄ ፕላስቲክ ቀዝቃዛ ነገር ላይ አይጣበቅም። ለጥፌው ሲደርቅ በጣቴ ነካ ሳደርገው ወደቀ። በሁለተኛው ሙከራ የተሰበረው ቦታ ዙሪያ በጋለ ምስማር አራት ቀዳዳ በሳሁ፣ ላዩን ሞረድኩት፣ በእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ሽፋኑን ራሱን አሞቅሁት፣ ከዛ ለስላሳውን ፕላስቲክ በአንድ በኩል ገፍቼ በቀዳዳዎቹ ወደ ሌላኛው ጎን እንዲወጣ አደረግሁና ከሁለቱም በኩል ጨፈለቅሁት። አሁን ማጣበቂያ አይደለም የያዘው፣ ራሱ እንደ ሪቬት ነክሶታል። የጥፍሩን ቅርጽ ያወጣሁት ደሞ ካልተሰበረው ጥፍር ነው፣ በቫዝሊን ቀባሁትና ለስላሳውን ፕላስቲክ ከላዩ ጫንኩበት፣ ሲደርቅ ሻጋታ ሆነ፣ ሻጋታውን ውስጡን እንደገና ቫዝሊን ቀብቼ አዲሱን ጥፍር ውስጡ ሞላሁት። ቫዝሊኑን እንዳትረሱ፣ ፕላስቲኩ ከራሱ ጋር አንዴ ከተያያዘ አይላቀቅም። ሽፋኑን ሞተሩ ላይ ስገፋው ቀጭ ብሎ ገባ። ያቺን ቀጭ የምትል ድምጽ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም፣ ከመነዳሪዋን እዛው ቆርጬ ጣልኳት።

ፍሬቻው ይበልጥ ቀለለኝ። አዲስ አንገት ሰራሁለት፣ ሽቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ለስላሳ እያለ በእስኪርቢቶ ቀፎ አወጣሁ፣ ለብሎኑ ደሞ ብሎኑን ራሱን ግሪስ ቀብቼ ለስላሳው ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ሲደርቅ በካቻቢቴ ፈትቼ ሳወጣው ጥርሱ በትክክል ተቀርጾ ቀርቷል፣ ዳዶ እንኳን አላስፈለገውም። ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይሰበሰባል፣ ስለዚ ክብ ነገር ላይ ከጠቀለላችሁት አጥብቆ ነው የሚይዘው፣ መልሶ ማውለቅ ከፈለጋችሁ ከስር ወረቀት አድርጉ።

የኔ መካኒክ ድሮ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሰሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ብረት ካልሆነ በስተቀር የማያምኑ ሰው። ፍሬቻውን ይዤላቸው ስሄድ አገላብጠው አዩትና "አቦ ይሄን ሻማ ምን ልታረገው ነው?" አሉኝ። "ጋሼ ይሞክሩት፣ ይስበሩት" አልኳቸው። በፒንሳ ያዙት፣ ጠመዘዙት፣ መሬት ላይ አድርገው በመዶሻ መቱት፣ ተጣመመ እንጂ አልተሰበረም። ዝም ብለው ቆዩና "ናይለን ነው የሚመስለው" አሉ፣ ከሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዛ ግን ወዲያው ጣታቸውን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ቀስረው "እዚህ ጋ ግን እንዳታስጠጋው" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ሳላውቅ አንድ ዕቃ አበላሽቻለሁ። ለስልኬ መሪው ላይ የሚታሰር መያዣ ሰራሁ፣ አራት ጣት ያለው፣ በጣም ያማረ፣ ነጩ ቀለም ከሞተሩ ጋር ስላልሄደልኝ ጥቁር አክሪሊክ ቀባሁት። ከጥር እስከ ሚያዝያ አንድም ችግር የለም። ግንቦት ላይ ግን እኩለ ቀን ታይዋን ገበያ በር ላይ ፀሐይ ላይ አቁሜያት አንድ ሰዓት ቆይቼ ስመጣ ጣቶቹ ተከፍተው ወደ ታች ዘምበል ብለዋል። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ስለነበረ ተረፈ። የድሬን ግንቦት የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ አየሩ 60 ባይደርስም ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ዕቃ እጅ አያስነካም። ነጩን ፍሬቻ ያው ፀሐይ ምንም አላደረገውም። ስለዚ ምክሬ፣ ነጭነቱን ተዉለት፣ ቀለም ካስፈለገ ደማቅ ያልሆነ ፈዛዛ ቀለም፣ ጥቁር በፍጹም።

ደስ የሚለው ግን የተበላሸው አልባከነም። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቄ ድስት ውስጥ መለስኩት፣ እንደገና ቀለጠ፣ እንደገና ሰራሁት፣ አሁን ግን መሃሉ ላይ ከመስኮት ሰሪዎች ያገኘሁትን የአልሙኒየም ቁራጭ አጥንት አድርጌ ከተትኩበት። ሁለት አካል ያለው ኢፖክሲ ማጣበቂያ ሙቀት ይችላል፣ ያንን አልክድም፣ ግን አንዴ ከተሳሳታችሁ ተሳሳታችሁ ነው፣ ይሄኛው አስር ጊዜ ይቅር ይላችኋል፣ ለጀማሪ ሰው ይሄ ከምንም በላይ ነው።

አልሙኒየሙ ሌላም ጥቅም አለው። ይሄ ፕላስቲክ ሁልጊዜ የሚጎትተው ክብደት ካለ ሳይሞቅም ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ አጥንቱ ግን ይደግፈዋል። የኋላ ሳጥን ማንጠልጠያ ልሰራበት አስቤ ነበር፣ በሁለት ሳምንት ተስቦ አየሁትና ተውኩት።

አንድ ነገር በጣም አስረግጬ ልናገር። የፍሬን እጀታ፣ የፍሪሲዮን እጀታ፣ የእግር መርገጫ፣ የጎማ ወይ የመሪ ማሰሪያ የሆነ ነገር በዚህ አትስሩ። አንዱ ልጅ ቴሌግራም ላይ "የፍሬን እጀታዬ ጫፉ ተሰብሯል ልቀጥለው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ እባክህ ወንድሜ ግዛ አልኩት፣ ብር ከሌለህ እኔ አዋጣለሁ አልኩት፣ ከምሬ ነው። ኢንጂን፣ ማርሚታ፣ ካርቡሬተር አካባቢም አይሆንም። የሽፋን ጥፍር፣ የፍሬቻ አንገት፣ የሽቦ መያዣ ክሊፕ፣ የቁልፍ ጭንቅላት፣ የስልክ መያዣ፣ ለነዚህ ከ10 ዘጠኝ እሰጠዋለሁ።

አንዷን የቀነስኩት ስለ አጨራረሱ ነው። በግራይንደር ልትሞርዱት ብትሞክሩ ይቀልጥና ድንጋዩ ላይ ይጠቀለላል፣ በእጅ ሞረድ ወይ በጋለ ቢላ ነው የሚስተካከለው፣ ትራፓኖም ቢሆን ቀስ እያለ ካልዞረ ቀዳዳው ይደፈናል። ላዩ ላይ የጣት አሻራችሁ ይቀራል፣ እሱን በረጠበ ማንኪያ ገና ለስላሳ እያለ ማለስለስ ይቻላል። ድሬ ውስጥ ሲሸጥ እስካሁን አላየሁም፣ ታይዋንም ቀፊራም ገበያ ጠይቄያለሁ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡ፣ ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። 500 ግራም ለአንድ ሞተር ብዙ ነው፣ አንድ ጥፍር የሁለት ሾርባ ማንኪያ ያህል ፍሬ ቢፈጅ ነው።

እኔ ጋ ሲሶው ቀርቷል። ትንሽ ለመካኒኬ ሰጥቻቸው በስኳር ጣሳ ውስጥ ከብሎኖቹ ጎን አስቀምጠውታል፣ ባለፈው ስሄድ የአንዱን ባጃጅ የዳሽቦርድ ክሊፕ ሲሰሩበት አገኘኋቸው፣ ውሃውን የሚያሞቁት ቡና በሚፈላበት ከሰል ላይ ነው። እሁድ ከሳቸው ጋር የጓደኛዬን የኋላ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ስንጥቅ ልንሞክር ነው፣ ከማርሚታው ራቅ ስለሚል ይይዛል ብዬ አስባለሁ፣ ልኩን ወስጃለሁ፣ ብሎኗም ግሪስ ተቀብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣለች።