ዘንበል ላለችው መኪናዬ ሜትር ይዞ የደረሰልኝ ጋሼ

ሰላም የዲኤምቪ (የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ) ወገኖች። በተለይ እንደኔ ጥቁር መኪና ይዛችሁ ዱለስና ሬገን ኤርፖርት ደንበኛ ስታመላልሱ የምትውሉ፣ ይህችን ጽሁፍ ሳታነቡ አትለፉ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው፤ እግረ መንገዴንም ከኪሳችሁ ብዙ ብር እንዳይወጣ።

መኪናዬ የ2018 መርሴዲስ ጂኤልኤስ ናት። ባሌስትራም የላት፣ ሞላም የላት። አራቱም ጥግ ላይ የምትቀመጠው አየር ላይ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ስወጣ የፊት ግራ ጎኗን ጥላ ቆማለች። አንድ ጫማው ብቻ ተረከዙ ያለቀ ሰው አይታችኋል? ልክ እንደዚያ። ደንበኛ ሻንጣውን እየጎተተ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም "ጎማህ ተንፍሷል መሰለኝ" አለችኝ። ጎማው ምንም አልሆነም።

ስሙን ወደማልጠራው አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮምፒውተር ሰካ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ወረቀት ይዞ መጣ። ሁለት የፊት ስትራት (አየሩን ይዞ መኪናዋን የሚሸከመው እግር)፣ አንድ ኮምፕረሰር (አየር የሚሞላው ፓምፕ)፣ የእጅ ዋጋ። ድምሩ 4,300 ዶላር። ደነገጥኩና ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። የዚያን ቀን አንድም ሰው ሜትር ይዞ እንዳልተጠጋት ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ጓደኛዬ ደግሞ የራሱን መላ አመጣ። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ ቁመቱ የሚስተካከል ዘንግ አለ፣ ቁመት የሚያነበው ሴንሰር ላይ ትቀይረዋለህ፣ መኪናው ይነሳልሃል፣ አለቀ። ልገዛው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በሰው በሰው አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ የኛ ሰው ጋ ተመራሁ። ሃምሳዎቹን የያዘ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። አገር ቤት የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ደውዬ ነገሩን ስነግረው "ዛሬ አምጣት" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ዛሬ እንዳታመጣት ልጄ" አለኝ።

"ቤትህ ሜትር አለ?"

"አለ ጋሼ።"

"ማታ ስታቆማት ከጎማው መሃል ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። አራቱንም። ጻፈው። ጠዋት ሳታስነሳት እዚያው እንደቆመች ድገመው። ከዚያ ደውል።"

ለምን ከመሬት አልለካም ብዬ ጠየቅኩት። ከመሬት ከለካህ የጎማው ንፋስና ያለቀው ጥርሱም አብሮ ይገባበታል አለኝ። ከጎማው መሃል ሲሆን የምትለካው ሰስፔንሽኑን፣ ማለትም መኪናዋን ጎማው ላይ የተሸከመውን ክፍል ብቻ ነው።

ለካሁ። የፊት ግራው ከቀኙ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ጠዋት ተነስቼ ደገምኩት። ያው ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልወረደችም።

ስደውልለት ሳቀ። "እንግዲህ አየር የምታፈስ ብትሆን ሌሊቱን ሙሉ ትወርድ ነበር። ይቺ ግን ባለችበት አድራለች። አየሩን ይዛለች ማለት ነው። ቁመቷን የሚነግራት ነው የዋሻት።" ባሌስትራ ቢሆን ሲሰበር ትሰማው ነበር፣ አየር ግን ዝም ብሎ ነው ጉድ የሚሠራህ እያለ ትንሽ አወራኝ። ወሬ ይወዳል።

ጋራዡ ስደርስ መጀመሪያ ያየው መኪናዋን ሳይሆን ወለሉን ነበር። ውጭ ያለው ቦታ ለውሃ መውረጃ ብሎ ስለሚያዘቅዝ እዚያ አልለካም ብሎ ውስጥ እንድትገባ ሌላ መኪና አስወጣ። ከማንሳቱ በፊት ቁመት የሚያስተካክለውን ሥርዓት አጠፋው፤ አለበለዚያ ተነስታ ሳለ ልስተካከል ብላ አየር ታስወጣለች። ከሥሯም የገባው በብረት መደገፊያ ካስደገፋት በኋላ ነው። "አየር ላይ ያለ መኪና ሥር እጅህን እንኳ እንዳታስገባ" አለኝ ጣቱን እያወዛወዘ። አንድ ቱቦ ቢያመልጥ በሰከንድ ትቀመጥብሃለች።

ከዚያ ጠራኝና በባትሪ አበራልኝ። የእስክሪብቶ ቁመት የማትሞላ ቀጭን ዘንግ። አንዱ ጫፏ አርሙ (ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ላይ፣ ሌላው ጫፏ ሴንሰሩ ላይ ተሰክቷል። መኪናዋ ከፍ ዝቅ ስትል ይህቺ ዘንግ የሴንሰሩን ክንድ ታዞራለች፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ ቁመቱን ያነባል። የኔዋ እንደ ቀስት ጎብጣለች። ሴንሰሩ "ከፍ ብለናል" እያለ ይዋሻል፣ ኮምፒውተሩ አምኖት አየር ያስወጣል፣ የግራ ጎኗ ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው ጉዱ።

ክረምት ላይ አንዱ ሰፈር የደነደነ የበረዶ ክምር ላይ ወጥቼ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ለጋሼ አልነገርኩትም። አይቶኝ ገብቶታል መሰለኝ፣ "መንገዱ መጥፎ ነው" ብሎ አለፈው።

ያም ሆኖ ስትራቶቹን ዝም አላላቸውም። የሳሙና ውሃ ረጭቶ አረፋ የሚያወጣ ቦታ ፈለገ። የለም። እዚህ ላይ የጓደኛዬን መላ አነሳሁበት። ፊቱን አኮሳተረ። የሚስተካከለው ዘንግ ኮምፒውተሩን ማታለያ ነው፤ የጎበጠው እንደዋሸው አንተም ሌላ ውሸት ትጨምርበታለህ አለኝ።

ዘንጓን ቀየረ። እኔ ያለቀ መስሎኝ ጃኬቴን አነሳሁ። ዋናው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር። አራቱም ፓራፋንጎ ላይ ሰማያዊ ወረቀት ፕላስተር ለጠፈ። መኪናዋን ወደፊትና ወደኋላ አንከባሎ፣ ኮፈኗን በሁለት እጁ ተጭኖ አናወጣትና እንድትረጋጋ ተዋት። ለካ፣ በእርሳስ ፕላስተሩ ላይ ጻፈ። ከሥር ደግሞ አርሙ ላይ ዘንበል የሚለካ ትንሽ ዲጂታል መሣሪያ አስቀምጦ ዲግሪውን አነበበ፣ ያንን ነው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባው። የፊት ግራውን ሲያነሳ የኋላ ቀኙም በጥቂት ሚሊ ሜትር ተነካ። በሰያፍ ክብደት ይጋራሉ ለካ። አራቱንም ጥግ ሦስት ዙር ዞረ። እያንዳንዱ ፕላስተር ላይ ሦስት ቁጥር፣ ሁለቱ የተሰረዙ። አንዱን ፕላስተር ይዤው መጥቻለሁ፣ ክሩስኮቱ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሲጨርስ እጄን ይዞ የፊት ግራውን ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ አስዳሰሰኝ። ከውጭው ይበልጥ ልሟል። ዝቅ ብላ ስትሄድ ጎማው ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ነው። ቁመቷ ስለተቀየረ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከል) ያስፈልጋታል፣ እኔ ማሽኑ የለኝም፣ ሌላ ቦታ አሠራ ብሎ ሸኘኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ስንት ጊዜ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?

ዋጋው? ከዘንጓ ጋር 240 ዶላር። ጨምሬ ልሰጠው ስል "እሁድ ቤተ ክርስቲያን መተያየታችን አይቀርም፣ ሳልሸማቀቅ ልይህ" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ጉድለትም አለው። ስልክ ቶሎ አያነሳም። "አንድ ሰዓት" ካላችሁ ሦስት ሰዓት ያዙ፣ ግማሹ በፖለቲካ ነው የሚያልቀው። ጋራዡም ከኋላ በር ስለሆነ ጂፒኤስ ያሳስታችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንድነግራችሁ ብሎኛል። የናንተዋ ጠዋት ወርዳ ከተገኘች፣ ስትነሳ ኮምፕረሰሩም እያጓራ ቀስ እያለ የሚያነሳት ከሆነ፣ እሷ እውነትም አየር ታፈሳለች። "ትንሽ ትሥራልኝ" ብላችሁ አትንዷት። ያ ኮምፕረሰር የሚፈሰውን ለመተካት ሳያርፍ ሲሠራ ይቃጠላል፣ አንድ ወጪ ሁለት ይሆናል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ያረጀ ላስቲክ ይብስበታል።

ስሙንና ቁጥሩን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፣ የያዘው ሥራ በቅቶታል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለየብቻ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት ግን የማታውንና የጠዋቱን ልኬት በእጃችሁ ያዙ። ካልያዛችሁ እንደኔው "ዛሬ እንዳታመጣት" ነው የሚላችሁ።