ንግር ወይስ ምልሰት?

ሁለቱም በጊዜ የሚጫወቱ የልቦለድ አጻጻፍ ዘዴዎች ናቸው። ንግር ገና የሚመጣውን ሹክ ይላል፤ ምልሰት ያለፈውን ይዞ ይመጣል። ለአጭር ልቦለድ እኔ ወደ ንግር አደላለሁ። ቦታ አይፈጅማ! ለምሳሌ፣ ሴትዮዋ በመጀመሪያው አንቀጽ የተሰነጠቀውን መሰላል በእግሯ ገፋ አድርጋ ታልፋለች። በቃ። መጨረሻ ላይ ልጇ ከዚያው መሰላል ሲወድቅ አንባቢው ይደነግጣል፤ ወዲያው ግን «ለካ ነግሮኝ ነበር!» ይላል። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭም እ.ኤ.አ. በ1889 በጻፈው ደብዳቤ፣ የማይተኮስ ጠመንጃ መድረክ ላይ አይቀመጥ ብሏል። ሲበዛ ግን ያስጠላል። መሰላሉን ሦስቴ ካነሳህ አንባቢው ነቄ ነው።

ምልሰት ታሪኩን ያስቆመዋል። ካለህ ሦስት ገጽ አንዱን ለልጅነት ትዝታ መስጠት ውድ ነው። የቂምን ወይም የፍርሃትን ምንጭ ለማሳየት ግን ንግር አይተካውም። ያኔ በአንድ ሽታ ቀስቅሰው፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍና ቶሎ ተመለስ።