ኬሞቴራፒን ለመወሰን፦ የተለመደው የፓቶሎጂ ውጤት ወይስ የ21 ጂን ምርመራ?

ባሕር ዳር ላይ የጡት ካንሰር ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላት እናት ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኬሞቴራፒው የግድ ነው ወይስ ታሞክሲፈን (የሆርሞንን ሥራ የሚገታው ክኒን) ብቻውን ይበቃል?

የተለመደው መንገድ፣ ማለትም ፓቶሎጂ (የዕጢው የላቦራቶሪ ምርመራ)፣ የዕጢውን መጠን፣ የብብት ንፍፊቶችን እንዲሁም የሆርሞንና የኸር-2 ተቀባዮችን (ዕጢው እንዲያድግ ምልክት የሚቀበሉ ፕሮቲኖችን) አይቶ ይወስናል። ወጪው ዝቅ ያለ ነው፤ ይሁንና ሐኪሙ ሲጠራጠር ለጥንቃቄ ወደ ኬሞ ሊያዘነብል ስለሚችል፣ አንዳንዷ ሴት ያለ ጥቅም ፀጉሯን ታጣለች።

የጂን ምርመራው ግን በሰም ከተቀበረችው ትንሽ የዕጢ ቁራጭ 21 ጂኖችን አንብቦ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። (በዘር የሚወረሰውን ከሚፈልገው ምርመራ ጋር አይምታታ፤ ይህ የሚያነበው ዕጢውን ነው።) በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የቴይለር-ኤክስ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕጢያቸው የሆርሞን ተቀባይ ካለውና ኸር-2 ከሌለበት፣ ንፍፊታቸው ከካንሰር ንጹሕ ከሆነና ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ ሴቶች መካከል ነጥቧ እስከ 25 የሆነችው ከኬሞ የምታገኘው ተጨማሪ ጥቅም የለም። ዋጋው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ናሙናውም ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል።

ዕጢዋ ኸር-2 ላለበት ወይም የሆርሞን ተቀባይ ለሌለው ሴት ይህን ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው። ሆርሞን ተቀባይ ዕጢ ላላት፣ ካንሰሩ ሳይስፋፋ ቀድማ ለሕክምና ለደረሰችና አቅሙ ላላት የ60 ዓመት ሴት ግን ናሙናውን መላክ ያዋጣል፤ አቅሙ ከሌለ በጥንቃቄ የተሠራ የተቀባይ ምርመራ ይቅደም።