ባለ 40 ሚሊ ሜትር ሊፍት ኪት በፒክአፕ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሊፍት ኪት (መኪናን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ የእግር ዕቃ ስብስብ) ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሚሊ ያነሳል?» ብሎ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን መኪናው ሁልጊዜ ስንት ኪሎ ተሸክሞ እንደሚሄድ ነው። የዚህ ኪት ጥሩም መጥፎም ጎን የመጣው ከዚያ ቁጥር እንጂ ከቁመቱ አይደለም።

ኪቱ ሁለት የፊት ሞላ፣ አራት አሞርዛተር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርድ)፣ ሁለት የኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል ሞላ)፣ ባሌስትራውን ከሻንሲ የሚያያይዙ፣ ግራሶ የሚወስዱ ሻክሎችና ፒኖች፣ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የሚገቡ የፖሊዩሬቴን ቡሾች፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩ አዲስ ዩ ቦልቶችም አሉት። የተገጠመው ደብል ጋቢና የናፍጣ ፒክአፕ ላይ ነው። የፊት እግሩ እንደ ሃይሉክስ በላይና በታች አርም (ጎማውን ከሻንሲ የሚያገናኝ ክንድ) የተያዘ ነጻ እግር ነው፣ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ የኋላው ድፍን አክስል ከነባሌስትራው። ፊት ላይ የብረት ፓራውልት (የፊት መከላከያ) እና ዊንች (የገመድ መጎተቻ)፣ ኋላ ላይ መሸፈኛና የዕቃ መሳቢያ ተጨምሮበታል። ጎማው ከ265/65 ባለ 17 ወደ 265/70 ባለ 17 አድጓል (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች)።

ለሚቸኩል አንባቢ ፍርዱ ይኸው፦ አሞርዛተሮቹ ዋጋቸውን ያወጣሉ፤ የፊት ሞላው በልኩ ነው፤ የኋላ ባሌስትራው መኪናው ባዶ ሲሆን ይደርቃል። ከ50 ይልቅ 40 ሚሊ ሜትር መምረጡ ደግሞ የሚያስቆጭ አይደለም።

ኪሎው

ሞላና ባሌስትራ የሚሸጡት በክብደት ደረጃ ነው። የፊቱ ብዙውን ጊዜ ምንም ላልተጨመረበት፣ ፓራውልት ብቻ ላለው፣ ፓራውልትና ዊንች ላለው ተብሎ ይከፈላል። የኋላው ደግሞ ባዶ ለሚሄድ፣ ወደ 300 ኪሎ ለሚሸከም፣ ወደ 500 ኪሎ ለሚሸከም። አከፋፈሉ ከአምራች አምራች ይለያያል። ብዙ ሰው የሚመርጠው አልፎ አልፎ ለሚጭነው ትልቁ ጭነት ነው፤ መመረጥ ያለበት ግን ከሰኞ እስከ እሑድ ከመኪናው ላይ ለማይወርደው ዕቃ ነው።

ከመግዛት በፊት መኪናው ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ፊቱና ኋላው ለየብቻ፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ የዘወትሩ ዕቃ ሳይወርድ። የፊቱን ክብደት በግምት መያዝ በተለይ ያሳስታል። ፓራውልትና ዊንች የሚንጠለጠሉት ከፊት አክስል ቀድመው ስለሆነ እንደ ምሳር ይሠራሉ፤ የፊት አክስሉ ላይ የሚያርፈው ከራሳቸው ኪሎ በላይ ነው፣ ኋላው ደግሞ በትርፉ ልክ ይቀልላል። ለዚህ ነው ከባድ ፓራውልት በፋብሪካ ሞላ ላይ ሲታሰር መኪናው አፍንጫውን የሚደፋው።

እዚህ የተመረጠው የኋላ ባሌስትራ ባለ 300 ኪሎው ነው። መሳቢያው ሲሞላ፣ ውሃና ትርፍ ነዳጅ ሲጫን መኪናው ይረጋል፤ ጉድጓድ ሲገባ ኋላው መሬት አይመታም። ጭነቱ ከግማሽ በታች ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ትንሽ እብጠት ሁሉ ወንበር ድረስ ይመጣል፤ ሽንሽን ያለ ኮረኮንች ላይ ኋላው በመታጠፊያ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ምክንያቱም የጠነከረ ባሌስትራ ጎማውን መሬት ላይ ይዞ አይቆይም። አንዳንድ ባሌስትራ ከታች በኩል ለከባድ ጭነት ብቻ የሚሠራ ወፍራም ቅጠል አለው። አምራቹ ከፈቀደ እሱን ማውጣት ልዩነት ያመጣል፤ ሲወጣ ግን ሴንተር ቦልቱም (ቅጠሎቹን መሀል ላይ የሚያስረው ቡሎን) ዩ ቦልቱም ለአዲሱ ውፍረት የሚሆን ልክ ያስፈልጋቸዋል። በሁለት ደረጃ መካከል ለሚያመነታ ገዢ ዝቅተኛው ይሻላል።

አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፦ አምራቹ የፈቀደው የመኪናው ጠቅላላ ክብደት በሊፍት ኪት አይጨምርም። አክስሉ፣ ፍሬኑና ሻንሲው የነበሩት ናቸው። ቂጡን ያልደፋ ፒክአፕ ከልክ በላይ አልተጫነም ማለት አይደለም።

ለምን 50 አልሆነም

ነጻ እግር ያለው መኪና በሞላ ሲነሳ አርሞቹ ወደ ታች ይዘምማሉ፣ የሲቪ ጆይንቱ (ኃይልን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ተጣጣፊ መጋጠሚያ) አንግል ይሰፋል፣ እግሩ ወደ ታች የሚዘረጋበት ርቀትም በተነሳው ልክ ይቀንሳል። 50 ላይ የላይኛው አርም መቆሚያውን ለመንካት ጥቂት ነው የሚቀረው። ፍጥነት መቀነሻ ተሻግሮ ጎማው ሲወርድ የሚሰማው «ኳ» የሚል የብረት ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው። 40 ላይ ድምፁ የሚሰማው በፍጥነት ሲታለፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ካስተር ነው፤ የፊት ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ። ከፍታው ሲጨምር ካስተሩ ይወርዳል፤ ያኔ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ በአስፋልት ላይም መኪናው ይቅበዘበዛል። በ40 ሚሊ ሜትር የታችኛውን አርም ማስተካከያ ቦልቶች በማዞር ብቻ ካስተሩ በሁለቱም ጎን ወደ 2.5 ዲግሪ ተመልሷል፤ መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 50 እና ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው የተለወጠ የላይኛ አርም ዋጋ አብሮ ያስላ። ያለ እሱ አላይመንት (የጎማ አንግል ማስተካከያ) ሠሪው የሚያስተካክለው ቦታ ያልቅበታል፤ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ፣ ማለትም በልኩ፣ የሚሆነው ቶ (ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ) ብቻ ይሆናል።

ከአሞርዛተሩ አናት የሚገባ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቀለበት) ርካሽ አማራጭ ነው። አሞርዛተሩ የታችኛውን አርም የሚይዘው ከጎማው ራቅ ብሎ፣ በአርሙ መሀል አካባቢ በመሆኑ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ጎማው ዘንድ ሲደርስ ወደ 50 ይጠጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ባለ 50 ስፔሰር ገዝቶ ሲቪ ጆይንቱን ይጨርሳል። ስፔሰር ሞላውን አያጠነክርም፤ ፓራውልት የደፋውን መኪና ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሸክሙን አይሸከምለትም። አሞርዛተሩም ከታሰበለት ውጭ ስለሚዘረጋ ቦል ጆይንቱ (አርሙን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘው ክብ መጋጠሚያ) ይጎዳል። ቦዲውን ከሻንሲ የሚለየው ሊፍት ደግሞ ለትልቅ ጎማ ቦታ ይሰጣል እንጂ ሻንሲውን ከድንጋይ አያርቅም።

የትኛውም ሊፍት የኋላውን ዲፈረንሻል (አክስሉ መሀል ያለውን የጥርስ ቤት) ከፍ አያደርገውም፤ ከፍ የሚያደርገው ጎማ ነው። 265/65 ባለ 17 ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 265/70 ደግሞ 803 ገደማ ነው። ከዲፈረንሻሉ በታች የሚጨምረው የልዩነቱ ግማሽ ነው፤ 13 ሚሊ ሜትር። ትንሽ ይመስላል፤ ግን አክስሉ ስር የተገኘው ይኸው ብቻ ነው። በዚህ ጎማ የፍጥነት መቁጠሪያው ከበፊቱ ወደ 3 በመቶ ዝቅ አድርጎ ይናገራል።

ሲገጠም የሚበላሸው

ከመፈታቱ በፊት ከእያንዳንዱ ጎማ መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን) ጠርዝ ይለካና ይጻፍ። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ መለካት ዋጋ የለውም፤ የጎማ ንፋስ ቁጥሩን ያዛባዋል። የፊት ሞላ ያለ ትክክለኛ መጭመቂያ አይፈታም፤ ተጨምቆ ያለ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ከሁሉ በላይ የሚዘለለው የቡሎን ማጥበቂያ ጊዜ ነው። የአርሞቹና የአሞርዛተሩ የታች ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በራሱ ክብደት ሲቆም ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ የላስቲክ ቡሹ በተጠማዘዘበት ይያዛል፤ መኪናው ሲወርድ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። የታችኛው አርም ማስተካከያ ቦልቶች ደግሞ ያረጀ መኪና ላይ ከቡሹ የውስጥ ብረት ጋር ዝገው ይጣበቃሉ። ከአላይመንት ቀጠሮ ቀናት ቀድሞ የዝገት ዘይት ማጠጣት ይበጃል፤ ካልተነቀነቁ ተቆርጠው በአዲስ ይተካሉ።

ኋላ ላይ የሴንተር ቦልቱ ራስ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ መቀመጡ በዓይን ይታይ። ካልተቀመጠ አክስሉ ይሸሻል፤ መኪናውም ቀጥ ባለ መንገድ ገደድ ብሎ ይሄዳል። ዩ ቦልት አንዴ ከተፈታ አይመለስም፤ ጥርሱ ተስቧል። ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቁ።

ከዚያ የሚረሱት ነገሮች ይመጣሉ። እግሩ ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ የፍሬን ሆዙ፣ የኤቢኤስ ሽቦውና የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ እንዳልተወጠሩ ይታይ። የኋላ ፍሬኑ በጭነት የሚሠራ ቫልቭ ካለው የእሱ ዘንግ በተነሳው ልክ መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን የፍሬን ግፊት ይቀንሳል፤ ጭነት ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። የፊት መብራቱም ዝቅ ይደረግ፤ ከፊት ለሚመጣው ሹፌር ዓይን ሲባል።

ወራት ሲያልፉ

አዲስ ሞላ ይቀመጣል። የፊቱ ከመጀመሪያው ልኬት 6 ሚሊ ሜትር፣ ባሌስትራው 10 ወርዶ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ በተገጠመ ማግስት የተሠራ አላይመንት ጊዜያዊ ነው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ መደገም አለበት። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉም የሚታወቀው ያኔ ነው። ሹፌር፣ ነዳጅ ታንከርና ባትሪ ክብደታቸው በግራና በቀኝ እኩል ስለማይከፋፈል ጥቂት ሚሊ ሜትር መዛነፍ የተለመደ ነው፤ ዝቅ ባለው ጎን ሞላ አናት ላይ ቀጭን ስፔሰር ይጨመርበታል።

ዩ ቦልቶቹ በ500 ኪሎ ሜትር ሲፈተሹ ከስምንቱ ዳዶዎች አብዛኞቹ ሩብ ዙር ያህል ተቀብለዋል። ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ሲጣበቁና ቀለሙ ሲፈጭ ውፍረቱ ስለሚቀንስ ነው። ያልተፈተሸ ዩ ቦልት ሴንተር ቦልቱን ያስቆርጣል።

የፖሊዩሬቴን ቡሽ ደካማ ጎኑ ጩኸት ነው። አቧራ ሲገባው፣ በተለይ ከወንዝ ከተወጣ በኋላ ሲደርቅ፣ በዝግታ ሲነዳ ይንቋቋል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ጥልቅ ውሃ ከተገባ ደግሞ ወዲያው፣ አሮጌው ጭቃ ተገፍቶ እስኪወጣ በፒኖቹ ግራሶ መምታት ዝም ያሰኘዋል። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው የላስቲክ ቡሽ ይምረጥ።

ከቆመበት ሲነሳ የተሰማው ንዝረት የመጣው ከሁለት ከተከፈለው ፕሮፔለር ሻፍት (ኃይልን ወደ ኋላ አክስል ከሚያደርሰው ዘንግ) ነው። ኋላው ሲነሳ የሻፍቱ መሀል አንግል ተለወጠ። የመሀሉን ኩሽኔታ መያዣ በወፍራም ሮንዴላዎች 10 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ አጥፍቶታል። ንዝረቱ በ80 እና በ100 ላይ ቢሆን ኖሮ ግን መጠርጠር ያለበት የጎማ ባላንስ ወይም ክሮቼራ (የሻፍቱ መጋጠሚያ) ነበር።

የሲቪ ጆይንት ላስቲኮቹ እስካሁን ደህና ናቸው። የሚታዩት በሽፋናቸው ሳይሆን በእጥፋታቸው ውስጥ ነው፤ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ እጥፋቱን በጣት መግለጥ ያስፈልጋል። በቸርኬው ውስጠኛ ፊት ላይ የተረጨ ግራሶ ከታየ ተቀዷል።

አሞርዛተሮቹ በጋዝ የተሞሉ ድርብ ቱቦ (አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ያለ) ናቸው። ነጠላ ቱቦው ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል፤ ግን ድንጋይ ሆዱን ካጎደጎደው ፒስተኑ እዚያው ይነክሳል። ድርብ ቱቦው የውጭውን ጠባሳ ይችላል፤ እዚህም ሁለቱ የኋላዎች ተጎድጉደው ይሠራሉ። ረጅም ኮረኮንች ላይ ሲሞቁ ትንሽ ይላላሉ፣ ፍጥነት ሲቀነስ ይመለሳሉ። ለዚህ ከውድ አሞርዛተር በፊት የሚሠራው የጎማ ንፋስ ነው፤ ከ36 ወደ 26 ፒኤስአይ ሲወርድ አሞርዛተሩ የሚውጠው ምት ይቀንሳል፤ ፍጥነትም አብሮ መውረድ አለበት፣ አስፋልት ሲገባም ንፋሱ ይመለስ።

የሞተ አሞርዛተር ለማግኘት ከኮረኮንች እንደቆሙ እጅን ሳያስነኩ ሙቀታቸውን ማነጻጸር ነው። አሞርዛተር ሲሠራ ይሞቃል፤ ከጥንዱ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሥራውን ትቷል። ዘንጉ ላይ ያለ ቀጭን የዘይት ወዝ አያሳስብም፤ ዘይቱ ሆዱን አርጥቦ አቧራ ከያዘ ግን ሁለቱም በጥንድ ይቀየራሉ።