200 ሲሲ ሞተር በጅማ መንገድ፦ ከ14 ወርና ከ21,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

ጅማ ላይ ሞተር ለመቀየር ያሰበ ሰው የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «150 ሲሲውን አትልቀቅ፤ ዕቃው በየሱቁ አለ፣ ቤንዚንም አይበላም» ይላል። ሌላው ደግሞ «አዲስ አበባ የምትመላለስ ከሆነ ከ200 በታች አትያዝ» ባይ ነው። ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱ ወገኖች የሚነዱበት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

እዚህ የሚገመገመው ሕንድ ሠራሽ ባለ 200 ሲሲ ስፖርት ሞተር ነው፦ አንድ ሲሊንደር፣ 4 ቫልቭ፣ ባለ ካርቡሬተር፣ በዘይት ራዲያተር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ 5 ማርሽ፣ ከፊትም ከኋላም ዲስክ ፍሬን፣ 12 ሊትር ሰልባትዮ፣ ክብደቱ 150 ኪሎ ገደማ። በዚህ ደረጃ ያሉት ብዙዎቹ በአሠራር ስለሚቀራረቡ የአንዱን ስም መጥራት አላስፈለገም። ከተነዳው 21,000 ኪሎ ሜትር ከሦስት ሁለት እጁ አስፋልት ነው፤ ጅማ–አዲስ አበባ፣ ጅማ–አጋሮ፣ ጅማ–ቦንጋ። ቀሪው ከተማ ውስጥ እና ወደ ሰካና ዴዶ ገጠር የሚያስገባ ኮሮኮንች ነው።

ጉልበቱና ከፍታው

መመሪያው ላይ 20 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ከባሕር ጠለል ለሚነሣ ሰው ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር በሳሳ ቁጥር ጉልበቱም ስለሚቀንስ ከ20ው በእጅ የሚቀረው 17 ገደማ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ሲደረስ ደግሞ ወደ 16 ይወርዳል። 12 ፈረስ የተባለለት 150 በዚሁ ስሌት ጅማ ላይ 10 ነው የሚቀረው።

ባዶውን ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት ብዙም አይሰማም። ከጀርባ ሰው፣ ከሥሩ ሻንጣ ተጭኖ ከጊቤ ወንዝ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ ግን በጉልህ ይለያል። 150ው 3ኛ ማርሽ ላይ በ45 እየተጎተተ ሲሄድ 200ው በ4ኛ ማርሽ በ65 ይወጣል። ዳገት ላይ የቆመ ያህል የሚያዘግም የጭነት መኪና ለመቅደም የሚወስደው ጊዜ ያጥራል፤ ተቃራኒው መስመር ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ ማለት ደግሞ አደጋው ቀነሰ ማለት ነው። ከሚነገርለት 120ና ከዚያ በላይ ፍጥነት ይልቅ ሊቆጠርለት የሚገባው ይህ ነው። ዳገቱ ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ ነዳጅ ብቻ መጫን ስህተት ነው፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ከ5,000 ዙር በታች ሊወርድ ሲል ወደ 3ኛ መቀነስ ይሻላል። ድምፁ ቢበዛም የዘይቱ ፓምፕ በደንብ ስለሚገፋ ቅዝቃዜው ያኔ የተሻለ ነው።

ከፍታው ካርቡሬተር ላይ ሌላም ጣጣ ያመጣል። አየሩ ሲሳሳ ከጂግለሩ (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ከሚያሳልፈው ጠባብ ቀዳዳ) የሚወጣው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ይህን ካንዴላው ይናገራል፦ ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ የተቆላ ቡና መልክ ካለው ልኩ ነው፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶታልና በቶሎ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ካንዴላ እየቀየረ ይኖራል እንጂ ምክንያቱን አይፈልግም። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ማየት ነው፤ አቧራ የደፈነው ፊልትሮ ልክ እንደ ከፍታው ቤንዚን ያበዛል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ካንዴላው አሁንም ከጠቆረ ዋናውን ጂግለር በአንድ ቁጥር ጠበብ ባለ መተካት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ይህ ብቻ ሲደረግ ፍጆታው በሊትር ከ33 ወደ 36 ኪሎ ሜትር ተሻሽሏል፤ ጠዋት ሲነሣ የነበረው ጥቁር ጭስም ቀርቷል። ጠባቡን ጂግለር አስገብቶ ወደ ቆላ ለረጅም ጊዜ መውረድ ግን አይገባም፤ እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል።

ፍሬኑ

ለ200 ሲሲው የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ትክክለኛ ቦታው ላይ የዋለው እዚህ ነው። ከጅማ በኩል ሲመጣ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ወንዙ ጋ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱም ከላይኛው አገር ጋር አይገናኝም። ከበሮ ፍሬን ያለው ሞተር በሰውና በጭነት እዚህ ሲወርድ ሸራው ይግልና መያዙን ይቀንሳል። ዲስኩ ክፍት ስለሆነ ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል፤ ውሃ ውስጥ ካለፈም በኋላ ሁለት ጊዜ ነካ ሲደረግ ይደርቃል።

ዲስክ የራሱ ደካማ ጎን አለው፤ ፈሳሹ። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም። ነገር ግን እርጥበት ይስባል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ መፍያው እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ስለሚታመቅ ማንሻው እስከ እጀታው ዘው ብሎ ይገባል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። አብዛኛው መመሪያ በሁለት ዓመት ቀይሩ ይላል። የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ እንደወጣ መቀየር ይበጃል። መለወጫው ሳይደርስ መፈተሽ ካስፈለገ ማጠራቀሚያው ላይ ያለችውን መስኮት ማየት ነው፤ ማር የመሰለው ፈሳሽ እንደ ሻይ ከጠቆረ ጊዜው አልፏል። ሲቀየር ማጠራቀሚያው ፈጽሞ ባዶ መሆን የለበትም፤ አየር ከገባ እንደገና አንድ ሰዓት ያስለፋል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ወዲያው በውሃ ይታጠብ፣ ቀለሙን ይልጠዋል።

ቁልቁለቱን በ3ኛ ማርሽ በሞተሩ ጉልበት ይዞ መውረድና ፍሬኑን ከኩርባው በፊት አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ ቀስ እያሉ ሳይለቁ ከመያዝ በብዙ ይሻላል። በዚህ አነዳድ የፊቱ ሸራ 11,000፣ የኋላው 14,000 ኪሎ ሜትር ሄደዋል።

ቤንዚን

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ80 ሲነዳ በሊትር 36–37 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በ100 ሲነዳ ወደ 31 ይወርዳል። ጅማ–አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 12 ሊትሩ በ80 ለ430 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል፣ በ100 ግን 370 ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ የሚፈጥን ሰው ወልቂጤ ላይ መሙላት አለበት። ከ150ው ጋር ሲነጻጸር በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 8 ሊትር ያህል ይበልጣል። «ቤንዚን ጠጪ ነው» የሚለው ወቀሳ ከተማ ውስጥ እየቆመ ለሚነሣ ሰው እውነት ነው፤ ለረጅም መንገድ ግን ተጋንኗል።

ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድ ከሚሸጠው መግዛት ፈተና ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ዳገት ላይ ያንኳኳል፤ ውሃ ያለበት ደግሞ ካርቡሬተሩ ሥር ይተኛና ሞተሩን ያቆራርጠዋል። ግድ ከሆነ ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ አቁሞ ከታች የተለየ መስመር መኖሩን ማየት፣ ከተሞላም በኋላ የካርቡሬተሩን የታች ቡሎን ላላ አድርጎ ጥቂት ማፍሰስ ያስፈልጋል።

ጭቃው

ይህን ሞተር የሚጎዳው ረጅም መንገድ አይደለም። በ80 ሲነዳ ከ6,000 ዙር አይበልጥም፣ ዘይትም አይበላም። የሚጎዳው ጭቃ ነው። የጅማ ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ከበልግ ጀምሮ ዓመቱን አጋምሶ ይሄዳል። ቀዩ አፈር ደግሞ ሸክላማ ስለሆነ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። የስፖርት ሞተር የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ያለው ርቀት ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ገጠር መንገድ ላይ 300 ሜትር እንኳ ሳይሄድ ክፍተቱ ይሞላና ጎማው ይነክሳል። ለዚህ የሚሠራው መፍትሔ ብየዳ ቤት ትናንሽ ቅንፎች አሠርቶ ፓራፋንጎውን በ15 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ከተሠራ በኋላ የፊት ፍሬን ተይዞ መሪው በሙሉ ኃይል ወደ ታች ይጫን፤ ፓራፋንጎው የዘይት ራዲያተሩን የሚነካ ከሆነ ከፍታው በዝቷል።

ራዲያተሩ ራሱ ከፊት ጎማው ጀርባ ስለሆነ ጭቃ ይለጠፍበታል። ጭቃው ደርቆ ሲቀመጥ አየር አያልፍም፣ በሚቀጥለው ዳገት ሞተሩ ይግላል። በባልዲ ውሃ አርሶ በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ነው እንጂ ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ ከቅርብ ማስመታት ስሱ ቅጠሎቹን ያጥፋል። ግፊት ውሃ የጎማ ኩሽኔታ ላይና የኤሌክትሪክ ገመድ መጋጠሚያ ላይም መነጣጠር የለበትም። ከታጠበ በኋላ እየተቆራረጠ የሚሠራ ከሆነ ካንዴላው የተተከለበትን ጉድጓድ ማየት ነው፤ ውሃውን የምታወጣ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፣ ጭቃ ሲደፍናት ውሃው እዚያው ይቀራል። በቀጭን ሽቦ መክፈት ይበቃል።

የፊት አሞርዛተር ቀለበቶችም የጭቃው ሰለባ ናቸው። ደርቆ የቀረ አፈር ዘንጉ ላይ እንደ አሸዋ ወረቀት ሆኖ የቀለበቱን ጎማ ይበላዋል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ከወጣ ደግሞ ወደ ፍሬን ዲስኩ ይወርዳል። በዚህ ሞተር 9,000 ላይ ሁለቱም ተቀይረዋል። ከዚያ በኋላ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የጎማ ሽፋን ስለገባላቸው እስካሁን ደርቀው አሉ። ሲገዛ ወዲያው ማስገባት የነበረበት ዕቃ ይህ ነው።

ካቴናው በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ በዚያው ቀን ይጸዳ። በላምባና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ የ90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ከውስጥ በኩል እያዞሩ መቀባት፣ ትርፉን መጥረግ። በቤንዚን አይታጠብ፤ በመጋጠሚያዎቹ መሃል ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ያደርቃል። ልቅነቱ መሃል ላይ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጎማውን እያዞሩ አራት ቦታ መለካት ያስፈልጋል፤ አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ከላላ ካቴናው ተበልቷል። 17,000 ላይ ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አብረው ተቀይረዋል። ካቴናውን ብቻ መቀየር ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን የተበላው ጥርስ አዲሱን በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይጨርሰዋል።

የሞተር ዘይቱ 1.2 ሊትር ነው፤ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየሩ ተገቢ ነው። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ከሌለ አይገዛ። ለመኪና የተሠራው ብዙ ጊዜ ማንሸራተቻ ንጥረ ነገር አለበት፤ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ደግሞ እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ይንሸራተታል። ዳገት ላይ ዙሩ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ይህ ይሁን።

ረጅም መንገድ ላይ ምቾቱ

መሪው ዝቅ ስላለ ከሁለት ሰዓት በኋላ እጅ አንጓ ላይ ድካም ይሰማል፤ ከ7,000 ዙር በላይ ደግሞ እግር መርገጫው ይንዘረዘራል። የኋላው ወንበር ጠባብና ከፍ ያለ ነው፣ ለአዋቂ ሰው ከወልቂጤ አያልፍም። ፖርቶ መጋላ ተበይዶለት ከ8 ኪሎ በላይ ከተጫነበት ፊቱ ይቀላል፣ ኩርባ ላይ መሪው ይዋልላል። ጭነት ካለ ወደ ወንበሩ ማስጠጋትና የኋላ ጎማውን ከ28 ወደ 32 ፒኤስአይ መሙላት ይረዳል።

ጎማው ካላማደሪያ የሌለው መሆኑ በረከት ነው፦ ምስማር ሲገባ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ መሰኪያና ትንሽ የእጅ ፓምፕ ከተያዘ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ችግሩ ቸርኬው ነው። ጉድጓድ በፍጥነት ሲመታ ጠርዙ ይታጠፍና አየር ያስወጣል፤ ባለ ሽቦው ቢሆን ጎሚስታ ቤት ተቃንቶ ይመለስ ነበር።

ለማን ይሆናል?

ሥራው ጌራ ወይም ዴዶ ገጠር ውስጥ የሆነ የግብርና ባለሙያ፣ ወይም ቡና ለማየት በየቀበሌው የሚዞር ነጋዴ ይህን አይግዛ። ለእሱ ባለ ሽቦ ቸርኬ 150፣ አቅም ካለ ደግሞ እንደ ያማሃ ኤጂ 200 ያለ ካቴናው በሽፋን የተዘጋ ሞተር ነው የሚበጀው። በወር ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ቦንጋ የሚመላለስ ሰው ግን በዳገቱና በፍሬኑ ብቻ ልዩነቱን ያገኘዋል። መለዋወጫ በተመለከተ የ150ው ወገን ትክክል ነው፦ የከበሮ ሸራና ተራ ካቴና ጅማ ውስጥ መርካቶ ይገኛል፤ የዚህ ሞተር የዲስክ ሸራና የአሞርዛተር ቀለበት ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም አንዳንድ ጥንድ አስቀድሞ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ሞተሩ ለሳምንት እንዳይቆም ያደርጋል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሥቶ መሪውን በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ያዙር። መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ በጉድጓድ ተመትቷል፤ ከዚያም ጎማውን አሽከርክሮ ጠርዙ ወደ ጎን የሚወዛወዝ መሆኑን ይይ። ሁለቱም ከተገኙ ሞተሩ ኮሮኮንች ላይ በፍጥነት ሲነዳ ኖሯል፤ የኩሽኔታውና የቸርኬው ዋጋ ከመሸጫው ላይ ይቀነስ።