ቤት ላስገዛችን ሶሊሲተር ምስጋና፣ ቤት ለምትገዙም ጥቆማ

ባለፈው ዓርብ ደቡብ ለንደን ውስጥ የገዛነውን ቤት ቁልፍ ተረከብን። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ እልል ስትል ባለቤቴ ባዶው ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እዚህ እንድንደርስ ያደረገችንን ሶሊሲተር (የቤት ግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሠራችልንን ጠበቃ) ሳላመሰግን ብቀር ውለታዋ ይከብደኛል።

መጀመሪያ የያዝነው እሷን አልነበረም። ደላላው የጠቆመን ቢሮ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለነበር ሳናጣራ ፈረምን። ሰባት ሳምንት ሙሉ ፋይላችንን የያዘው ማን እንደሆነ እንኳን አላወቅንም፤ በደወልን ቁጥር ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው። በመጨረሻ ስለ ዲፖዚታችን (ለቤቱ ከራሳችን ስለምንከፍለው ቅድሚያ ገንዘብ) የጠየቁንን ስንመልስ፣ «ምንጩን ማረጋገጥ ስላልቻልን መቀጠል አንችልም» የሚል የሁለት መስመር ኢሜይል ላኩልን። ደላሎች ለሚልኩት ደንበኛ ብዙ ጊዜ ከቢሮዎቹ ኮሚሽን እንደሚያገኙ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ የእቁባችን ነበር። ከዲፖዚቱ ውስጥ 20,000 ፓውንዱ የሁለት ዙር የእቁብ እጣ ነው። እዚህ አገር ጠበቃ የቤት መግዣ ገንዘብ ከየት እንደመጣ የማጣራት የሕግ ግዴታ ስላለበት መጠየቃቸው ትክክል ነው፤ ያዘንኩት ሳይሰሙን በመዝጋታቸው ነው። አዲሷ ሶሊሲተር ግን ወንበር ስባ፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ» አለችን። ስንጨርስ ፈገግ ብላ፣ ጃማይካዊቷ አያቷ የመጀመሪያ ቤታቸውን የገዙት በፓርድነር፣ ማለትም በእነሱ እቁብ፣ መሆኑን ነገረችን። ለካ እነሱም እንደ እኛ «እንጥላለን» ነው የሚሉት! ከዚያ ሥራ ሰጠችን፦ በየወሩ 500 ፓውንድ ሲወጣ የሚያሳየውን የባንክ ስቴትመንት አንድ በአንድ በቢጫ ቀለም እንድናሰምር፣ እጣው የገባበትን ቀን እንድናሳይ፣ ከእቁቡ ሰብሳቢም የተፈረመ ደብዳቤና የመታወቂያ ኮፒ እንድናመጣ። በአሥር ቀን ውስጥ አለቀ።

ሁለተኛው ውለታዋ ደግሞ የሊዙ (ቤቱን ለተወሰነ ዓመት ብቻ የመያዝ ውል) ነገር ነው። ቤቱ ድሮ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ነበር፤ ደላላው «የ125 ዓመት ሊዝ ነው» ብሎናል። እሷ ሰነዱን ስታነበው የሚቆጠረው ከ1983 ነው፤ የቀረው 83 ዓመት ብቻ። ከ80 በታች ሲወርድ ለማራዘም የሚከፈለው እንደሚጨምር፣ ባንኮችም አጭር ሊዝ ላይ ማበደር እንደማይወዱ ወረቀት ላይ መስመር እየሳለች አስረዳችን። ድሮ ለማራዘም ሁለት ዓመት ባለቤት ሆኖ መቆየት ግድ ነበር፤ ከጥር 2025 መጨረሻ ወዲህ ያ ቀርቷል። ስለዚህ አሁን ሳንዘገይ እንጀምራለን።

በዚህ መሃል ተቆጥቻትም ነበር። ባንኩ የሰጠን የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ቀነ ገደብ እየቀረበ እሷ ግዢው የሚጸናበትን ውል አንለዋወጥም አለች። ካውንስሉ ስለ ጣሪያ እድሳት ለነዋሪዎች ማስታወቂያ ልኮ እንደሆነ ሻጩን ጠይቃ ትክክለኛ መልስ አላገኘችም። ሦስት ጊዜ ጻፈች። ውል ከተለዋወጥን በኋላ ብንተወው አብዛኛውን ጊዜ የዋጋው 10 በመቶ የሆነው ዲፖዚት እንደሚቀር፣ ከዚያ በፊት ግን ያለ ቅጣት መውጣት እንደምንችል ነግራን ቆመችበት። በመጨረሻ መልሱ መጣ፦ ከጣሪያው እድሳት ወጪ የሚደርሰን ድርሻ 11,400 ፓውንድ ነው። ያን ያህል ገንዘብ ከሻጩ ክፍያ ተቀንሶ ሂሳቡ እስኪመጣ በጠበቃ እጅ እንዲቆይ አስማማች። ተቆጥቼ የተናገርኳትን ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችሁም ያዙልኝ። በመጀመሪያው ቀን፣ «የባንክ ቁጥራችን ተቀየረ የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ የእኛ አይደለም፤ እንዳትልኩ፣ ደውሉ» አለችን። በኢሜይል እየገቡ የሰው የቤት ገንዘብ የሚወስዱ ሌቦች አሉ። ብሩን በላክንበት ቀን ባለቤቴ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ባለው ስልክ ደውላ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አብረው አነበቡት።

ዋጋዋ ከመጀመሪያው ቢሮ ይበልጣል፤ ግን የሥራዋ ክፍያ ቁርጥ ነው፤ ስለ ቤቱ ከካውንስሉና ከውሃና ፍሳሽ ድርጅቱ መረጃ የሚጠየቅበትን ወጪም ቀድማ ለብቻው ጽፋ ሰጥታናለች። ዓርብ ከሰዓት አትደውሉላት፤ ብዙ ሰው ቁልፍ የሚረከበው ያን ቀን ስለሆነ ፋታ የላትም። ከቁልፉ በኋላም የስታምፕ ዲዩቲውን (የቤት ግዢ ታክሱን) ቅጽ በ14 ቀን ውስጥ ማስገባትና ቤቱን በመሬት መዝገብ በስማችን ማስመዝገብ የእሷ ሥራ ነው።

ሌላ ጠበቃ ብትይዙም ፈቃዱን በሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ፈልጉ፣ ባንካችሁ እንደሚቀበለው አረጋግጡ፣ ፋይሌን የሚይዘው ማነው ብላችሁም በስም ጠይቁ። የእሷን ስልክ ለሚፈልግ አስፈቅጃት እሰጣለሁ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች ካሉ፣ ቅዳሜ ካልሆነ በቀር ለቀጠሮው አብሬ ሄጄ አስተረጉማለሁ።